አንድ ፊደል ሦስት ምልክት የሆነ ጊዜ

አባይነሽ ሥራዋን ለበዴሳ ዘመዶቿ ለማስረዳት ብዙ ሞክራለች። አንድ ጊዜ «ሰርቨር ነው የምጠብቀው» ብትል እናቷ ቃሉን እንዳለ ተቀብላ፣ ልጄ ሶዶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሆናለች ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች፤ ለብርዱ እንዲሆናትም ወፍራም ጋቢ ላከችላት። አባይነሽ ጋቢውን ተቀበለች፤ ወሬውን ግን አላረመችም። ቆም ብላ ስታስበው እናቷ ብዙም አልተሳሳተችም። ልዩነቱ፣ እሷ የምትጠብቀው ነገር በር ሰብሮ በሚገባ ሌባ ሳይሆን በመብራት መቆራረጥ፣ በአቧራና በሰው ችኮላ የሚጠፋ መሆኑ ብቻ ነው።

የምትሠራው ከኦቶና ወደ መሃል ሶዶ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ አንድ አነስተኛ የእንሰት ጥናት ማዕከል ውስጥ ነው። እንሰት፣ በወላይትኛ ኡታ፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ሰፊ ቅጠል ይመስላል። ጓሮዋን ያለማች ሴት ግን ከሩቅ ትለየዋለች። አንዱ ቡላው ነጭ ነው፤ አንዱ አሚቾው፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለው ወፍራም ግንዱ፣ ተቀቅሎ ሲበላ ይጣፍጣል፤ አንዱ ቃጫው ጠንካራ ነው፤ አንዱን አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንዲበላው ይመርጡታል። እያንዳንዱ ዝርያ ስም አለው፣ ጠባይ አለው፣ ከየት እንደመጣ የሚነገር ታሪክ አለው። የማዕከሉ ሠራተኞች ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ይህን ሁሉ ከሴቶቹ አፍ ሰበሰቡ። የዝርያዎቹንና የባለቤቶቹን ስም በወላይትኛ አጻጻፍ ማለትም በላቲን ፊደል አስገቡ። ሴቶቹ የተናገሩትን ደግሞ ወደ አማርኛ መልሰው በግዕዝ ፊደል ጻፉ። ሁሉም ዳታቤዝ በሚባለው፣ ማን የት ሆኖ ምን አለ ብለው ሲጠይቁት ወዲያው ፈልጎ በሚያወጣ የኮምፒዩተር ጎተራ ውስጥ ገባ።

አባይነሽን የሚያስደንቃት የዚህ ጎተራ ትንሽነት ነበር። ያ ሁሉ ጓሮ፣ ያ ሁሉ የእናቶች ጨዋታ፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ዲስክ ውስጥ ይተኛል። ዲስኳን አንስታ ስትመዝናት ባዶ ከነበረችበት ጊዜ በምንም አልከበደችም። አንድ ቀን ይህን ለታምራት፣ የማዕከሉን ኔትወርክና ኮምፒዩተሮች ለሚጠግነው የሥራ ባልደረባዋ፣ ብትነግረው «ታዲያ ትክበድልሽ ብለን ድንጋይ እንጨምርባት?» አላት። ታምራት እንዲህ ነው። ቀልዱ እጁን ይቀድመዋል፣ እጁ ደግሞ ሐሳቡን።

ቀላል ነገር በቀላሉ ይጠፋልና አባይነሽ ባክአፕ መያዝን እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ዋናው ሰርቨር ማለትም ጎተራው ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ያለው በየቀኑ ይገለበጣል፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ክፍል ባለ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ቅጂ ደግሞ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በየሳምንቱ አርብ በቦርሳዋ ይዛው ትወጣና በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ካዝና ውስጥ ታኖረዋለች። ማዕከሉ ቢቃጠል እንኳ ቤተ ክርስቲያኑ አብሮ አይቃጠልም የሚል ስሌት ነው። የቢሮው ጸሐፊ ባያት ቁጥር «እንሰትሽን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል።

ከዚህም በላይ አንድ መልካም ልማድ ነበራት። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም ብላ ታምናለች። ስለዚህ አልፎ አልፎ ቅጂውን ወስዳ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ትመልሰውና መሥራቱን ታያለች። መፈተኛዋ ሁልጊዜ አንድ ነበር። የመፈለጊያው ሳጥን ላይ ማዚያ የሚለውን የታወቀ የእንሰት ስም እንደ አገሯ አጻጻፍ በወላይትኛ ትጽፋለች፤ ማዚያ ከነባለቤቶቹ ዝርዝር ብቅ ሲል ደስ ብሏት ትዘጋዋለች። ቋንቋዋ ነው፣ ጣቷ የለመደው እሱን ነው። ወላይትኛው ከተነበበ አማርኛውም ይነበባል ወይ ብላ የጠየቀችበት ቀን አልነበረም።

በአንድ የክረምት ሳምንት መብራት እየሄደ እየመጣ ሲጫወት ሰርቨሩ ሞተ። ዲስኩ እንደ ተሰበረ መጫወቻ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። የማዕከሉ ኃላፊ አቶ መልአኩ ፊታቸው አመድ ለበሰ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ የዚህን አገር ጓሮ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አባይነሽ ግን አልደነገጠችም። ለዚች ቀን ነበር ስትዘጋጅ የኖረችው። አዲስ ማሽን አዘጋጀች፣ ቅጂውን መለሰች፣ ማዚያ ብላ ጻፈች። ማዚያ መጣ። አቶ መልአኩ እጇን ጨበጡ።

ሶፊ የመጣችው በማግስቱ ነው።

ሶፊ የጉኑኖ የቅቤ ነጋዴ ናት፤ አማርኛዋ ገበያ ያስተማራት ነውና ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅላለች፣ የምትለው ግን ለሁሉም ይገባል። የእናቷን ቃል ፈልጋ እንደመጣች ተናገረች። እናቷ እማማ ቦሼ ከማዕከሉ ሠራተኛ ከትንሳኤ ጋር ተቀምጠው ረጅም ሰዓት አውርተው ነበር፤ ያን ቀን ሶፊ ገበያ ነበረች፣ አልሰማችም። ከዚያ በኋላ እማማ ቦሼ ዐረፉ። አሁን ደግሞ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ወደ ጓሮዋ ገብቶ ተክሉን ሁሉ እያጠወለገ ጣለው። እማማ ቦሼ ቦራቂያ የሚሉት፣ በሽታ የማይደፍረው አንድ ዝርያ ነበራቸው። የመጨረሻው ቦራቂያ በእሳቸው ቀብር ለለቀስተኛ ማብሊያ ተቆርጦ ነበር።

«እናቴ ለሰው ስትሰጥ አትጠይቅም ነበር፤ ለማን እንደሰጠች እኔም አልጠየቅሁም» አለች ሶፊ። «ለዚያ ልጅ ግን ነግራዋለች። ስማቸውን ንገሩኝና ሄጄ ችግኝ ልለምን።»

አባይነሽ ወንበር ሰጠቻትና የእማማ ቦሼን ስም ከፈተች። ስማቸው በወላይትኛ፣ በትክክል። ቀበሌያቸው፣ በትክክል። ቦራቂያ፣ በትክክል። ከሥሩ የእማማ ቦሼ ቃል መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ግን ጭረት ያጠለቀች የላቲን ኤ፣ ከጎኗ የመቶኛ ምልክት የሚመስል፣ ከዚያ የተሰበረ መስመር፣ ከዚያ እንደገና ባለ ጭረቷ ኤ፤ ስክሪኑ እስኪሞላ ድረስ እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ ተንጣሎ ነበር። ሌላ ሴት ከፈተች። እንደዚያው። ሌላ። እንደዚያው። ወላይትኛው ሁሉ አለ፣ አማርኛው ሁሉ የለም።

ሶፊ ስክሪኑን አየችና ይህ ፈረንጅኛ ነው ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀች። አባይነሽ ቃሉ መኖሩን አለመኖሩን ገና እንደማታውቅ፣ አለ ብላ ልታታልላት እንደማትፈልግ፣ ግን እስከ መጨረሻው እንደምትፈልገው ነገረቻት። ሶፊ የስልክ ቁጥሯን ሰጥታ ሄደች።

አባይነሽ በቅድሚያ የሠራችው ነገር ምንም የማይመስል ነበር። የየቀኑን ቅጂ አቆመችው። ካላቆመችው አዲሱ ቅጂ በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ይሄዳል፤ በዚህ አያያዝ ጥቂት ሲቆይ የተበላሸው ብቻ ይቀራል። ቀጥላም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳ ካዝና ውስጥ ያለውን አመጣች። እዚያም ውስጥ ያው ዝባዝንኬ ነበር። ሁሉም ቅጂዎች በአንድ መንገድ የተገለበጡ ናቸውና አንድ ስህተት ተባዝቶ ነበር የተቀመጠው። ትንሳኤ ጋ ደወለች። ሥራ ቀይሮ ሩቅ አገር ሄዷል። እማማ ቦሼ ሳቂታ እንደነበሩ ያስታውሳል፣ ስም ግን አያስታውስም። የተጻፈባቸው ታብሌቶች ደግሞ ለሌላ ጥናት ሲሰጡ ተጠርገዋል።

ታምራት ስክሪኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እኮ በልሳን ጸልዮ ያደረ ነው» አለ። «ተርጓሚ ፈልጊለት።»

«የኛ ቄስ ግዕዝ ሲያነቡም አይገባኝም፤ ቢያንስ ፊደሉን ግን አውቀዋለሁ» አሉ አቶ መልአኩ ከበሩ ላይ። ለቀልድ ያሉት ነው፣ ፊታቸው ግን አልቀለደም።

ታምራት ወዲያው መፍትሔ አመጣ። እነዚህን እንግዳ ምልክቶች በሙሉ ፈልጎ የሚያጠፋ ትእዛዝ በደቂቃ ይጽፋል፤ ቦታው ይጸዳል፤ ከዚያ ሠራተኞቹ ወደየቀበሌው ተመልሰው እንደ አዲስ ይጠይቃሉ። አቶ መልአኩን ሐሳቡ ሳባቸው። ቢያንስ ስሞቹ አሉን፣ ሥራ ከሚቆም አዲሱ ሰርቨር ላይ መጻፍ እንጀምር አሉ። አባይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቃዋን ተቃወመች።

«ከሞቱት ማንን ነው እንደገና የምንጠይቀው?» አለች። «ምን እንደሆነ ያላወቅነውን ነገር ቆሻሻ ነው ብለን መጥረግ የለብንም። ማንም ምንም አይጻፍበት። ሁለት ቀን ስጡኝ።»

አቶ መልአኩ ሁለቱን ቀን ሰጧት። ታምራት እየተነጫነጨም ቢሆን ከመጋዘን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አውጥቶ አመጣላት። አባይነሽ ዋናውን ቅጂ እንዳይጻፍበት ቆለፈችው፤ ከእሱ ሌላ ቅጂ ወሰደችና ላፕቶፑ ላይ አደረገች። በዚህኛው ላይ የፈለገችውን ብታበላሽ ዋናው አይነካም። ይህን ካደረገች በኋላ ብቻ በእርጋታ መተንፈስ ቻለች።

ከዚያ ተቀምጣ የእማማ ቦሼን ዝባዝንኬ ማየት ጀመረች። ማንበብ አይደለም፣ ማየት ነው፤ ሴቶች ጥለት እንደሚያዩት፣ የቱ እንደሚደጋገም። ባለ ጭረቷ ኤ ትደጋገማለች። አንዷ ከሌላዋ የምትርቀው ደግሞ ሁልጊዜ እኩል ነው፤ እሷ፣ ከዚያ ሌሎች ሁለት ምልክቶች፣ እንደገና እሷ፣ እንደገና ሁለት። ትንሳኤ ሲጽፍ አንድ ልማድ ነበረው፤ የእያንዳንዷን ሴት ቃል በስሟ ነበር የሚጀምረው። ስለዚህ እዚህ መጀመሪያ ላይ መኖር ያለበት «ቦሼ እንዲህ አሉ» የሚል ነው። ቦሼ ሁለት ፊደል ነው። ባዶ ቦታው ላይ እስክትደርስ ድረስ ምልክቶቹን ቆጠረች፤ ስድስት ናቸው። እንዲህ አራት ፊደል ነው፤ ምልክቶቹ ዐሥራ ሁለት። አሉ ሁለት ነው፤ ስድስት።

አባይነሽ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። የሆነ የሚተነፍስ ነገር የነካች ያህል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። በተለመደው የዘመኑ አጻጻፍ ተራው የላቲን ፊደል አንድ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። የኛ ፊደል ግን ብዙ ነውና እያንዳንዱ በሦስት ቁጥር ይቀመጣል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ለሁሉም አንድ ነው። የአንድ አባት ልጆች በአባታቸው ስም እንደሚጠሩት ሁሉ፣ ፊደሎቻችን ማሽኑ ውስጥ አንድ የጋራ አባት አላቸው። ያንን የጋራ ቁጥር እንደ ላቲን ካነበቡት ባለ ጭረቷ ኤ ይሆናል። አሮጌው ዳታቤዝ ሲተከል አንድ ሰው «እዚህ የሚገባው የላቲን ጽሑፍ ነው» የሚል ምልክት ለጥፎበት ነበር፤ ልክ ጤፍ የተሞላ ጆንያ ላይ ስንዴ ብሎ እንደመጻፍ። ጆንያው ቤት ውስጥ እያለ ማንም አልተቸገረም፤ ጤፍ ያስገቡ ጤፍ ያወጡ ነበር። ባክአፑ ግን ጆንያውን ወደ ሌላ ቤት ሲያዛውር ያመነው የተጻፈውን ነው። ሦስቱን ቁጥር ሦስት የላቲን ፊደል ነው ብሎ አመነና ሦስት ምልክት አድርጎ ጻፋቸው። ወላይትኛው በተራ የላቲን ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ምንም ሳይነካው አለፈ። ማዚያ ብላ በጠየቀችው ቁጥር ማሽኑ እውነቱን ነበር የሚመልስላት፤ ጥያቄዋ ነበር ግማሽ የሆነው።

ታዲያ ምንም አልጠፋም ማለት ነው። አንድም ፊደል፣ አንድም ነጥብ። የእማማ ቦሼ ቃል በማይመስለው ልብስ ተሸፍኖ እፊቷ ተቀምጦ ነበር። ታምራት ያንን ልብስ ቢጠርገው ኖሮ ግን ቃሉም አብሮ በሄደ ነበር።

ታምራትን ጠራችውና አሳየችው። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ቀልድ አልመጣለትም። «ሁሉም ላይ?» ብቻ አለ።

አብረው ሠሩት። ምልክቶቹን ወደ ቁጥራቸው የሚመልስ፣ ቁጥሮቹን ሦስት ሦስት አድርጎ እንደ ግዕዝ ፊደል የሚያነብ አጭር ፕሮግራም ጻፉና በላፕቶፑ ላይ አስኬዱት። ባለ ጭረቷ ኤ ከስክሪኑ ላይ ጠፋችና ፊደል መጣ። ዝናብ ያገኘ መስክ እንደሚያበቅል ገጹ ከዳር እስከ ዳር ፊደል ሆነ፤ ቦሼ አሉ፣ ሌሎቹም ሴቶች አሉ፣ አራት ነጥቡ እንኳ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተመልሶ ቆሟል። አቶ መልአኩ መጥተው ከኋላቸው ቆሙ።

አባይነሽ ግን ገና አላለቀም አለች። ከእያንዳንዱ ወረዳ ጥቂት ጥቂት ከፍተው አነበቡ። ከሁሉ የረዘመውን ወስደው መጨረሻው ሳይቆረጥ መድረሱን አዩ። ማዕከሉ ድሮ ባሳተመው ፖስተር ላይ የአንዲት እናት ቃል ስላለ አቶ መልአኩ ከግድግዳው ነቅለው አመጡትና ከስክሪኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከሩት። ይህ ሁሉ ልክ ሲሆን ነው አዲሱ ሰርቨር ላይ ያደረጉት፤ ጆንያው ላይም ትክክለኛው ስም ተጻፈ። አዲስ ባክአፕ ተወስዶ፣ ያም ተመልሶ፣ በሁለቱም ቋንቋ ተፈተነ።

ሶፊ ስትመጣ አባይነሽ አነበበችላት።

«ቦሼ እንዲህ አሉ፦ ቦራቂያ የእናቴ ነው፤ ስዳር ይዤው መጣሁ። አጠውልግ ጓሮዬን ደጋግሞ ጎብኝቶታል፤ ሌላው ሲወድቅ እሱ ቆሟል። ነገር ግን አንድ ጓሮ ብቻ ያለ ኡታ እንግዳ ነው፣ ነገ ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኛ ለሆነኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ብዙዎቹ ጥለውታል። የመምህሩ ልጅ ማርያማዊት በዴሳ ስትዳር ሰጥቻታለሁ፤ እሷ የሰጧትን አትጥልም። ለልጄ ለሶፊ አልሰጠኋትም፤ የኔ ጓሮ የሷ አይደል? ደግሞ እሷ ከኡታ ይልቅ ቅቤ ትወዳለች።»

ሶፊ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እንደገና አንብቢልኝ አለች፤ የቅቤዋን ብቻ።

ወደ በዴሳ አብረው ሄዱ፤ ከሚኒባሱ ወርደው የቀረውን በሞተር። ማርያማዊት ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የእማማ ቦሼን ስም ሲሰሙ ቀጥታ ወደ ጓሮ መሩዋቸው። ቦራቂያ እዚያ ቆሟል። ግንዱ በሁለት እጅ የማይታቀፍ፣ ቅጠሉ ከቤቱ ክዳን በላይ የወጣ። አባይነሽ ይህን ተክል በወላይትኛ ስሙ፣ በአማርኛ ቃሉ፣ በሦስት ሦስት ቁጥሩ ታውቀዋለች፤ ሥሩ ቆማ ወደ ላይ ስታየው ግን ምንም እንደማታውቀው ተሰማት። ከአጠገቡ ማርያማዊት ባለፈው ዓመት ከቀበሩት አሚቾ የፈሉ ችግኞች ተደርድረዋል።

ሶፊ ልትንበረከክ ስትል ማርያማዊት ያዙዋት። ስለ ጓሮዋ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ መቼ ጠወለገ፣ የታመመውን ነቅላ ምን አደረገችው፣ በምን ቢላ ቆረጠችው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠጠር አለ።

«አልሰጥሽም» አሉ። «እዚያ መሬት ላይ አልሰጥሽም። በሽታው እኮ ገና አፈሩ ውስጥ ነው። መሬትሽ ይረፍ።» ወደ አባይነሽ ዞሩ። «አንቺስ? ቤትሽ ጓሮ አለው?»

ሶዶ ያለው ቤቷ ከኋላው ጎመን የተተከለበት ጠባብ መሬት ነበረው። ኡታ ገብቶበት አያውቅም። ይህንኑ ተናገረች።

«እንግዲያ አንቺ ዘንድ ይቆይላት» አሉ ማርያማዊት። ቢላቸውን እሳት ላይ አግለው፣ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ችግኞቹን እያነሱ በኮባ ጠቀለሉ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ በአባይነሽና በሶፊ ጉልበት ላይ የተዘረጋውን ጥቅል አየና ቅጠሉን ላይ እንጫነው፣ ሰው መግቢያ አጣ አለ። ሶፊ ጥቅሉን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

«ላይ አይጫንም» አለችው። «እናቴ ናት።»

ረዳቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጥቅሉን አየ። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ጠጋ በል አለው።